ለአንድ ሰው የተዘረጋ ገበታ

አዲስ አበባ ውስጥ ደህና ከሚባል ምግብ ቤት ብቻውን የገባ ሰው ከሜኑው በፊት የሚቀርብለት ጥያቄ ነው። «ሰው እየጠበቁ ነው?» ይለዋል አስተናጋጁ። «የለም፣ ብቻዬን ነኝ» ሲል መሐል ያለው ሰፊ ጠረጴዛ ይቀርና ከኩሽናው መውጫ አጠገብ ወደተሸጎጠችው ትንሽ ጠረጴዛ ይመራል። ትርፉ ሹካና ቢላ ይሰበሰባል፤ ትርፉ ብርጭቆ ይነሣል። ቀስ ተብሎ ቢነሣም ቤቱ ሁሉ የሰማው ይመስላል። ሰውየው ስልኩን ያወጣል፤ የሚያነበው ባይኖረውም ያነባል። ምግቡ ሲመጣ ቶሎ ቶሎ ጎርሶ፣ ቡናውን ሌላ ቦታ ሊጠጣ ይወጣል።

አገር ውስጥ ይህ የአንድ ምሳ ጉዳይ ነው። መንገደኛ ላይ ግን ይበረታል። ለስብሰባ፣ ለሥልጠና ወይም ለንግድ ባሕር ማዶ የሚሻገር ሰው ቀን ከባልደረቦቹ ጋር ይበላል፤ ሲመሽ ሁሉም ወደየክፍሉ ነው። ከሆቴሉ በር ጥቂት እርምጃ አለፍ ብሎ ዓለም ያደነቀው ምግብ ቤት እያለ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ከሻንጣው ባወጣው ቆሎና ድርቆሽ እራቱን የሚገፋው ስንቱ ነው! የሚያግደው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ አበሉ ለአንድ ጥሩ እራት ይበቃል። የሚያግደው ይሉኝታ ነው።

ይሉኝታው ከሰማይ አልወረደም። ያደግነው በአንድ ትሪ ዙሪያ ነው፤ የሚበላ ሰው አላፊውን «እንብላ» ሳይል አያሳልፍም። «ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል» የሚለው ተረትም ከልጅነት ጀምሮ ጆሯችን ላይ አለ። ተረቱ ያነጣጠረው ግን እያለው በሩን ዘግቶ በሚበላ ስስታም ላይ እንጂ፣ የሚያጋራው ሰው አጠገቡ በሌለ መንገደኛ ላይ አይደለም። መንገደኛው ሀፍረት የሚሰማው ብቻውን ስለሆነ ሳይሆን ቦታ ስላልተዘጋጀለት ነው። ለአንድ ሰው ታስቦ የተሠራ ወንበር ላይ የተቀመጠ እንግዳ አያፍርም። ይህ እንደ ቶኪዮ በግልጽ የሚታይበት ከተማ አላየሁም።

ስምንት ወንበር

ጊንዛ የቶኪዮ ውድ ሰፈር ነው። እኔ የሄድኩበት የሱሺ ቤት ያለው ቢሮዎች በሞሉበት ሕንፃ ውስጥ ሲሆን ከውጭ የሚታይ ትልቅ ማስታወቂያ የለውም። የጃፓኖችን ጽሕፈት ስለማላነብ፣ የሆቴሌ እንግዳ ተቀባይ በወረቀት ከጻፈችልኝ ስም ጋር በሩ ላይ ያለውን እያመሳከርኩ ነው የደረስኩት። ቦታ ስታስይዝልኝ «ለአንድ ሰው» ብላቸው ስለነበር በር ላይ የጠየቀኝ አልነበረም። በስሜ ተቀበሉኝ።

ውስጡ አንድ ረጅም ባንኮኒ ብቻ ነው፤ ጠረጴዛ የለም። ባንኮኒው ሂኖኪ ከሚሉት የጥድ ዘመድ የተላገ ወጥ ጣውላ ነው፤ ቀለምም ቫርኒሽም አልነካውም። ስምንት ወንበር ተደርድሯል። በእያንዳንዱ ፊት አንድ እርጥብ ፎጣ፣ አንድ ጥንድ መብያ እንጨት፣ አንድ የሻይ ኩባያ አለ። ከፊቴ የሚነሣ ትርፍ ዕቃ አልነበረም።

ሼፉ ከባንኮኒው ማዶ፣ እጅ ቢዘረጋ በሚደርስበት ርቀት ቆሟል። ሜኑ የለም። ኦማካሴ በሚሉት ልማድ ምርጫው ለእርሱ የተተወ ነው፤ ቀኑ ያመጣውን ዓሣ በራሱ ቅደም ተከተል ያቀርባል፤ ስምንቱም እንግዳ እኩል ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ መካከል ኮሃዳ የሚባለው፣ ቆዳው ብር የመሰለ ትንሽ ዓሣ በጨውና በአቼቶ ታሽቶ ቀረበ። ሼፉ በቀኝ እጁ ከእንጨት ገንዳው ሩዝ ቆንጥሮ ጠቅለል አደረገ፤ ግራ መዳፉ ላይ ዓሣው ተዘርግቷል። በሌባ ጣቱ ጫፍ ዋሳቢ ነካ አድርጎ ዓሣውን ቀባው፤ ሩዙን አሳረፈበት፣ ገለበጠው፣ ሁለቴ ጫን አደረገው። በብሩሽ ሶይ ሶስ አስነካውና ፊቴ አኖረው። ሩዙ ለብ ያለ ነበር፤ ዓሣው ቀዝቀዝ ያለ። ይህ የሙቀት ልዩነት ቶሎ ስለሚጠፋ ሱሺ ፊት ተቀምጦ ወሬ መጀመር አይመከርም። እንደቀረበ መብላት ነው።

በጣት መብላትም ነውር አይደለም፤ የቆየ ልማድ ነው። ጥሬ ሥጋ ለለመደ፣ በእጁ ለሚበላ አገር ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

አጠገቤ የተቀመጠችው ጠና ያለች ሴትም ብቻዋን ነበረች። ስልክ አላወጣችም፤ መጽሐፍ አልያዘችም። ዓይኗ የሼፉ እጅ ላይ ነበር። ከጫፍ የተቀመጠው ሰው ግራኝ ነው። የመጀመሪያውን በግራ እጁ ሲያነሣ ሼፉ ምንም አላለም፤ ቀጣዩን ሲያቀርብለት ግን ለግራ እጅ እንዲመች አዙሮ አኖረለት። ከስምንታችን መካከል ይህን ያየን ጥቂቶች ነን፤ ጨዋታ የያዙት ባልና ሚስት አላዩትም።

ወደ መጨረሻው ላይ ሼፉ ኖሪ የሚሉትን ደረቅ የባሕር ቅጠል እሳት አስነክቶ፣ በላዩ ሩዝና የተከተፈ ቱና አድርጎ ጠቀለለ። ሳህን ላይ ቢያኖረው ቅጠሉ እርጥበት ስቦ ይልፈሰፈሳል፤ ስለዚህ ከእጁ ወደ እጄ አቀበለኝ። ከጉርሻ የሚለየው አፌ ድረስ አለመድረሱ ብቻ ነበር። ከዚያ ሰው ጋር የተለዋወጥነው ቃል ከአሥር አይበልጥም፤ ነገር ግን የበላሁትን ሁሉ ሲሠራ አይቻለሁ፤ እርሱም ስበላ አይቶኛል።

ከጎዳና የመጣ ወንበር

የሱሺ ባንኮኒ ለብቸኛ ሰው የተመቸው በአጋጣሚ አይደለም። ዛሬ የምናውቀው በእጅ የሚጨበጥ ሱሺ የተወለደው ከተማዋ ኤዶ ትባል በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ አካባቢ ሲሆን፣ ስሙ ከሥራው ጋር የሚነሣው ሃናያ ዮሄይ የተባለ ባለሙያ ነው። ያኔ ሱሺ የጎዳና ምግብ ነበር። ቸኩሎ የሚያልፍ ሠራተኛ ከጋሪው ፊት ቆሞ ሁለት ሦስት ይጎርስና ይሄዳል። ከጋሪ ፊት ቆሞ ለመብላት ጓደኛ አያስፈልግም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጎዳና ንግዱ ቁጥጥር ሲበዛበት ሱሺ ቤት ውስጥ ገባ፤ የጋሪው ጠርዝ ባንኮኒ ሆነ፤ ቆሞ የሚበላው ደንበኛም ወንበር አገኘ። ዋጋው ሰማይ ነካ እንጂ አቀማመጡ ያው ነው፤ በላተኛው ፊቱን የሚያዞረው ወደ ሠሪው ነው።

ይህን ዓለም ለውጭ ሰው የገለጠው አንዱ ሚሽላን የተባለው የፈረንሳይ የምግብ ቤቶች መመሪያ ነው። በ2007 መጨረሻ የመጀመሪያውን የቶኪዮ እትም ሲያወጣ ለ150 ምግብ ቤቶች 191 ኮከብ ሰጠ፤ ፓሪስ ተበለጠች። ሦስት ኮከብ ካገኙት መካከል ጊንዛ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ምድር ቤት ያለው ሱኪያባሺ ጂሮ ይገኝበታል። ያለው ባንኮኒና አሥር ያህል ወንበር ነው። ባለቤቱ ጂሮ ኦኖ በ2011 በወጣው ዘጋቢ ፊልም ዓለም አወቃቸው። ፊልሙን ያየ ሰው እንደሚያስታውሰው፣ እዚያ ቤት ግራኝ ማን እንደሆነ ይስተዋላል፤ ለሴት እንግዶች ደግሞ ሁሉም እኩል እንዲጨርስ ሱሺው አነስ ተደርጎ ይጨበጣል። ጊንዛ ላይ ያየሁት ለግራኙ አዙሮ ማኖር የአንድ ሼፍ ትሕትና ሳይሆን የሙያው ወግ ነው ማለት ነው።

ሚሽላን ኮከብ የሚሰጡት ሰዎች ራሳቸው ማንነታቸውን ሰውረው፣ ብዙ ጊዜም ብቻቸውን እንደሚበሉ የታወቀ ነው። በዓለም ላይ እጅግ ከሚፈሩት ተመጋቢዎች መካከል ለአንድ ሰው ጠረጴዛ የሚይዙ አሉ።

ጃፓን ውስጥ ለብቻ መብላት የውድ ቤት ጉዳይ ብቻም አይደለም። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ ከአገሪቱ ቤተሰቦች 38 በመቶ ያህሉ ባለ አንድ ሰው ሆነው ተገኝተዋል። ከፉኩኦካ የተነሣው ኢቺራን የተባለው የራመን ቤት ደንበኞቹን በእንጨት ከለላ ለይቶ ለየብቻ ያስቀምጣል። ከ2012 ጀምሮ በቴሌቪዥን የሚታየው «ኮዶኩ ኖ ጉሩሜ» ደግሞ ለሥራ ከሰፈር ሰፈር የሚዞር ነጋዴ በየደረሰበት ብቻውን ገብቶ ሲበላ የሚያሳይ ተከታታይ ድራማ ነው። ከዚያ ሌላ ታሪክ የለውም ማለት ይቻላል። ሰውየው ይርበዋል፣ ይገባል፣ ይበላል፣ ይረካል። አገሩ ግን በየዓመቱ ሲጠብቀው ኖሯል።

ምግብ ቤት ራሱ ለማን ተፈጠረ?

አውሮፓም ውስጥ ነገሩ የተጀመረው በብቸኛው ሰው ነው። ከ18ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በፊት ፓሪስ ውስጥ ከቤቱ ውጭ የሚበላ መንገደኛ ወደ እንግዳ ማረፊያ ሄዶ የሁሉ በሆነው ረጅም ማዕድ ይቀመጥ ነበር። ሰዓቱ የተወሰነ ነው፤ የሚቀርበው ባለቤቱ የፈቀደው ነው፤ የሰፈሩ ደንበኞች ምርጡን ካነሡ በኋላ እንግዳው የቀረውን ይበላል። በ1760ዎቹ ግን ማቱረን ሮዝ ደ ሻንቷዞ የተባለ ሰውና መሰሎቹ ለደካማ ሰው ጉልበት ይመልሳል የሚባል የሥጋ መረቅ የሚሸጡበት አዲስ ዓይነት ቤት ከፈቱ። የቤቱ አዲስነት ከመረቁ ይልቅ አቀማመጡ ላይ ነበር፦ ትናንሽ ጠረጴዛ፣ የራስ ሰዓት፣ የራስ ምርጫ፣ የራስ ሒሳብ። ሕመምተኛ በሕዝብ ፊት ለብቻው ሊቀመጥ ይችላል የሚለው ሐሳብ ነው ዛሬ ሬስቶራንት የምንለውን ያስገኘው። የፍቅረኞች እራትና የልደት ግብዣ ኋላ የመጡ ናቸው።

እኛም አገር ከገንዘብ ጋር የተያያዘ ተመሳሳይ ሀፍረት ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባ ላይ ሆቴላቸውን ሲከፍቱ፣ ከፍሎ መብላት ነውር መስሎ ስለታየ የሚገባ ሰው ጠፍቶ እንደነበርና፣ አጤ ምኒልክ መኳንንቱን ይዘው እየገቡ ሒሳብ በማስከፈል እንዳስለመዱ ይተረካል። በግብር ላይ ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው የሚበሉት መጋረጃ ተጋርዶ ነበር። ከሰው ዓይን ተለይቶ መብላት በአንዱ ላይ ክብር፣ በሌላው ላይ ጉድለት ሆኖ የሚታየው እንደ አዘጋጁና እንደ አቀማመጡ ነው።

ፓሪስ የጀመረችውን ነገር ከጃፓን መልሳ የተማረችው በ2003 ነው። ጆኤል ሮቡሾን፣ ከሦስት ኮከብ ቤቱ በ1996 በጡረታ የተሰናበተው ስመ ጥር ሼፍ፣ ቶኪዮና ፓሪስ ላይ «ላትሊዬ» የተባሉ ምግብ ቤቶችን ከፈተ። ነጭ የጠረጴዛ ልብሱ ቀረ፤ በኩሽናው ዙሪያ ባንኮኒና ከፍ ያለ ወንበር ተደረደረ። ሐሳቡን ከሱሺ ባንኮኒና ከስፔን የታፓስ ቡና ቤቶች ማግኘቱን ራሱ አልደበቀም። ሮቡሾን በ2018 ቢሞትም፣ ዛሬ ከኒውዮርክ እስከ ለንደን ውድ ምግብ ቤቶች ውስጥ የሚታየው «የሼፍ ባንኮኒ» በእጅጉ የእርሱ ዱካ ነው።

ሒሳቡ

ብቻውን የመጣን ሰው በክፉ የሚያይ ምግብ ቤት ምክንያቱ ጥላቻ ሳይሆን ሒሳብ ነው። አብዛኛው ትንሽ ጠረጴዛ ለሁለት ሰው የተሠራ ነው። እንበል አንድ ቤት ሃያ ባለ ሁለት ጠረጴዛ አለው፤ አርባ ወንበር ማለት ነው። አምስቱን ጠረጴዛ አምስት ብቸኛ ሰዎች ከያዙት አምስት ወንበር ባዶ አደረ፤ የምሽቱ ገቢ አንድ ስምንተኛ ሄደ። የሼፉ ደመወዝ፣ ኪራዩና መብራቱ ግን አልቀነሱም። በቀን የተወሰነ እራት ብቻ በሚያቀርብ ውድ ቤት ይህ ትርፍና ኪሳራን ይለያል። ለንደን ውስጥ ብቻውን ለሚመጣ እንግዳ የሁለት ሰው ያህል ዝቅተኛ ክፍያ የጠየቀ ምግብ ቤት ጋዜጦች ላይ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር።

ባንኮኒ ይህን ሒሳብ ይገለብጠዋል። በባንኮኒ ላይ የሚሸጠው ጠረጴዛ ሳይሆን ወንበር ነው። እንዲያውም ሁለት ሁለት ሆነው የሚመጡ ሰዎች የሚያተርፉት አንድ ወንበር ሊኖር ይችላል፤ አንዱ ሲሰርዝም የሚከፈተው ያው አንድ ወንበር ነው። ለሁለት ሰው ወር ሙሉ ሞልቷል የተባለ ቤት ለአንድ ሰው ቦታ ሊያገኝ ይችላል። የመንገደኛ ትልቁ ዕድል ይህ ነው።

የወይን ጉዳይም ተቀይሯል። ድሮ ብቻውን የሚበላ ሰው ወይ ሙሉ ጠርሙስ ይከፍላል ወይ ርካሹን በብርጭቆ ይጠጣል። በ2013 ገበያ ላይ የዋለው ኮራቪን የተባለ መሣሪያ ቡሹን ሳይነቅል በቀጭን መርፌ ወይኑን ይቀዳል፤ በምትኩ አርጎን ጋዝ ስለሚሞላ የቀረው ቶሎ አይበላሽም። እነሆ ውድ ጠርሙስ በብርጭቆ መሸጥ ተቻለ።

ሴት ብቻዋን ስትገባ

ለሴቶች ጉዳዩ ከሒሳብ በላይ ነበር። በ1907 የበጋ ወራት ሃሪየት ስታንተን ብላች የተባለች የሴቶች መብት ታጋይ ከጓደኛዋ ጋር ኒውዮርክ ወደሚገኘው ሆፍማን ሃውስ ሆቴል የጣሪያ ምግብ ቤት ሄዳ አትስተናገዱም ተባሉ። ሁለት ቢሆኑም ወንድ አብሯቸው ስለሌለ በቤቱ ደንብ «ብቻቸውን» ነበሩ። ከሰሰች፤ ተረታች። ከስድሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በየካቲት 1969 ሌላዋ የሴቶች መብት ታጋይ ቤቲ ፍሪዳንና ባልደረቦቿ እዚያው ኒውዮርክ በፕላዛ ሆቴል ኦክ ሩም ምሳ ሰዓት ገብተው ተቀመጡ፤ ክፍሉ በሥራ ቀናት ምሳ ላይ ለወንዶች ብቻ የተከለለ ነበር። አስተናጋጆቹ ጠረጴዛውን ከፊታቸው አንሥተው ወሰዱት። ደንቡ ግን ከወራት በኋላ ተነሣ።

የእኛ ከተማ ደንብ አልተጻፈም፤ የሚናገረው በዓይን ነው። አመሻሽ ላይ ብቻዋን ገብታ እራትና አንድ ብርጭቆ ወይን ያዘዘች ሴት፣ ከወዲያኛው ጠረጴዛ «ሒሳቧ በእኔ» የሚል መልእክት እንዳይመጣ ስትሳቀቅ ነው የምትበላው። ይህን ለማስቀረት ልቅም ያለ አስተናጋጅ ይበቃል፦ መልእክቱን ሳያደርስ «እንግዳችን ናት» ብሎ የሚመልስ።

ሰው ምን ይለኛል

«ሁሉም እኔን ያያል» የሚለው ስሜት ተለክቷል። ቶማስ ጊሎቪችና ባልደረቦቹ በ2000 ባወጡት ጥናት ተማሪዎችን የሚያሳፍር ፎቶ የታተመበት ቲሸርት አልብሰው ሰው ወደሞላበት ክፍል አስገቧቸው። ተማሪዎቹ ግማሽ ያህሉ ሰው ልብሱን ያየ መስሏቸው ነበር፤ በትክክል ያስተዋለው ግን ሩብ ያህሉ ነው። ሬቤካ ራትነርና ሬቤካ ሃሚልተን በ2015 ባሳተሙት ጥናት መሠረት ደግሞ ሰዎች ለመዝናናት ብቻቸውን መውጣት ያን ያህል እንደማያስደስታቸው ይገምታሉ፤ ከሄዱ በኋላ የሚያገኙት ደስታ ግን ከሰው ጋር ከሄዱት ብዙም አያንስም። ጥናቱ ሌላም ነገር አሳይቷል፦ ሰዎች የሚያነቡት ነገር ከያዙ ብቻቸውን መታየት ይቀላቸዋል፤ ለሥራ የመጡ ይመስላላ! ስልካችንን ገበታ ላይ ይዘን የምንቀመጠው ለዚህ ነው።

ከናጎያ ዩኒቨርሲቲ በ2017 የወጣው ጥናት ደግሞ ፈገግ ያሰኛል። መስታወት ፊት ተቀምጠው ፈንዲሻ የበሉ ሰዎች የግድግዳ ምስል ፊት ለፊት ከበሉት ይልቅ ምግቡ ጣፍጧቸዋል፤ ብዙም በልተዋል። የሰው ፊት፣ የራስም ቢሆን፣ ያጣፍጣል ማለት ነው። ከባንኮኒ ማዶ ያለው ሼፍ ያንን ፊት ይሰጣል።

ከመሄድ በፊት

ብቻውን ለመውጣት ያሰበ መንገደኛ ከምሳ ይጀምር። ጊንዛ ላይ የታወቀ ሱሺ ቤት እራት ከ30 ሺህ የን በላይ መጠየቁ የተለመደ ነው፤ ምሳ ግን እዚያው ቤት፣ በዚያው ሼፍ እጅ፣ በእጅጉ ሊቀንስ ይችላል። ቦታ የሚያዘው ቀደም ብሎ በሆቴል በኩል ወይም በኢንተርኔት ነው፤ የባንክ ካርድ ይጠየቃል፤ ከቀሩ ይቆረጣል። ሽቶ አለመቀባት ጨዋነት ነው፤ ጠረኑ የጎረቤትን ዓሣ ያበላሻል። ጃፓን ውስጥ ቲፕ አይሰጥም። ፈረንሳይ አገልግሎቱ ዋጋው ውስጥ የተካተተ ነው። አሜሪካ ከሒሳቡ 20 በመቶ ያህል መጨመር ይጠበቃል።

የሚጾም ወይም ሃላል የሚጠይቅ ሰው ይህንኑ ቦታ ሲያስይዝ ይናገር፤ ከተቀመጡ በኋላ መናገር ሼፉን ያስጨንቃል፣ እንግዳውንም ጦሙን ያሳድራል። ጃፓን ውስጥ አትክልት የሚመስለው ሾርባ መረቁ ከደረቀ ዓሣ የተፈላ ሊሆን ይችላል፤ ስጎው ውስጥ ከሩዝ የተጠመቀ አልኮል ይገባል፤ ቀላ ያለው የሱሺ አቼቶም የሚሠራው ከሳኬ አተላ ነው። ለጿሚ የሚሻለው ሾጂን የሚባለው የቡድሃ መነኮሳት ምግብ ነው፤ ሥጋም ዓሣም የለበትም፣ መረቁም ከባሕር ቅጠልና ከእንጉዳይ ነው። ፓሪስ ላይ ደግሞ ከ1996 ጀምሮ ሦስት ኮከብ የያዘው የአለን ፓሳር ምግብ ቤት ላርፔዥ በ2001 ቀይ ሥጋን ከገበታው አወጣ፤ በ2025 ከማር በቀር የእንስሳት ውጤት ሁሉ ቀረ። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ኢትዮጵያዊ ከዓለም ትልልቅ ገበታዎች በአንዱ ላይ ሰበብ ሳያበዛ ሊቀመጥ ይችላል።

ይህ ሁሉ ግን ወዶ ለሚወጣ ሰው ነው። ተገዶ ብቻውን የሚበላ ሌላ ነው። በ2025ቱ የዓለም የደስታ ሪፖርት መሠረት በ2023 ከአራት አሜሪካውያን አንዱ በዋዜማው ቀን ምግቡን በሙሉ የበላው ብቻውን ነበር፤ ከ2003 ጋር ሲነጻጸር የ53 በመቶ ጭማሪ ነው። ሪፖርቱ አብሮ መብላትን ከደስታ ጋር ያያይዘዋል። ዋሽንግተን ወይም ሚኒያፖሊስ በፈረቃ የሚሠራ ወገናችን መኪናው ውስጥ የሚውጠውን ሳንድዊች ማንም «የብቻ እራት ጥበብ» ብሎ ሊያወድሰው አይገባም። ልዩነቱ እዚህም ያው ነው፤ ለዚያ ሰው ወንበር ያዘጋጀለት የለም።

አዲስ አበባ ምን ጎደላት?

የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫቸው አዲስ አበባ ነው። በቦሌ በኩል ለስብሰባ የሚገባው ብዙው ሰው ብቻውን ነው የሚመጣው። ከስብሰባ በኋላ የሚያጋጥመው ምንድን ነው? የባህል ምግብ ቤቶቻችን በጭፈራና በሰፊ መሶብ ዙሪያ የተደራጁ ናቸው፤ ለብዙ ሰው የተሰናዳው መሶብ ለአንድ ሰው ይበዛል። ስለዚህ እንግዳው ክፍሉ ሆኖ ሳንድዊች ያዛል፤ እንጀራ ሳይቀምስ አገሩ ይገባል።

ለብቸኛ ሰው ቦታ ማዘጋጀት ግን ለዚህ ከተማ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 የተከፈተውን የቡና መሸጫ ቶሞካን ማየት ይበቃል። ሰዉ ከፍ ባለው ጠረጴዛ ዙሪያ ቆሞ ማኪያቶውን ብቻውን ይጠጣል፤ ማንም «ሰው እየጠበቅክ ነው?» አይለውም፤ እርሱም አያፍርም። የጾም በያይነቱም ቢሆን በአንድ ሰው ልክ መቅረብ ከጀመረ ቆይቷል። ቡናውና በያይነቱ የቻሉትን ክትፎና ዶሮ ወጥ የማይችሉበት ምክንያት የለም።

የሚያስፈልገው ከምድጃው ፊት አንድ ባንኮኒ፣ ስድስት ከፍ ያለ ወንበር፣ በአንድ ሰው ልክ የተመጠነ የአምስት ስድስት ወጥ ቅምሻ፣ ደግሞም ሥራዋን የምታውቅና እጇን ለማሳየት የማታፍር ባለሙያ ናት። እንግዳው እንጀራው ከምጣድ ሲነሣ፣ ቂቤው ሲነጠር፣ በርበሬው በሽንኩርት ላይ ሲቁላላ እያየ ይበላል፤ ያልገባውን ይጠይቃል፤ ሁለተኛ ቀን ይመለሳል። የምግብ ቤት ባለቤት «ለአንድ ሰው ጠረጴዛ አያከስረኝም ወይ?» ቢል መልሱ ቀላል ነው። ያ እንግዳ ለስብሰባ የመጣ ነው፤ አበሉ በዶላር ነው፤ የሚጣደፍበትም ቦታ የለውም።